ለሐኪሙ ያልተነገረው መርፌ፦ የአንድ የጎንደር ነጋዴ ጉዳይ

ጎንደር ውስጥ በአንዲት መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ስለ ክብደት መቀነሻ መርፌ የሚጠይቁኝ ወንዶች ከቀን ወደ ቀን እየበዙ ነው። ሴቶች ገብተው በቀጥታ ይጠይቃሉ። ወንዶች ግን ሰው እስኪወጣ ይጠብቃሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለአንድ ጓደኛዬ ነበር" ይላሉ። እዚህ የማሰፍረው የአንዱን ወንድ ጉዳይ ነው። እሱ ለጓደኛዬ ብሎ እንኳን አልጠየቀኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ሰውየውም ባለቤቱም እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ስም አልጠቀስኩም። ማንነቱን የሚያሳዩ ጥቂት ዝርዝሮችንም ቀይሬያለሁ።

ሰውየው

47 ዓመቱ ነው። ሰሊጥ ይነግዳል፤ በአዝመራው ወራት መተማና ጎንደር መካከል ይመላለሳል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ72 ሲሆን በታኅሣሥ ወር ክትትሉ 109 ኪሎ መዝኖ ነበር። ኪሎው ለቁመቱ ካሬ ሲካፈል 37 ገደማ ይመጣል። 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሕክምና የሚያስፈልገው ውፍረት አለበት ይባላል።

ስኳር ከተገኘበት 6 ዓመት ሆኖታል። ደም ግፊትም አለው። አራት ዓይነት ኪኒን ይወስዳል፦ ለስኳር ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ፣ ለግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው "የሚያሸናው ኪኒን" ይለዋል። እነዚህን አራት ስሞች ያዙልኝ። ታሪኩ በሙሉ እነሱ ላይ ይመላለሳል።

ሐኪሙ ክብደት እንዲቀንስ ሲነግረው ዓመታት አልፈዋል። ግን እኛ አገር የወንድ ቦርጭ እንደ በሽታ አይታይም። "ተመችቶታል" ነው የሚባለው። ሰውየው በኋላ እንደነገረኝ ያሳሰበው ቦርጩ ራሱ አልነበረም። የመጋዘኑን ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ሌሊት ማንኮራፋቱ ባለቤቱን ሌላ ክፍል አስተኛት። የትዳር አልጋውም ቀዝቅዞ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ለማንም አልተናገረም።

መርፌው ከየት መጣ

አሜሪካ የምትኖር እህቱ ለጥምቀት መጣች። እሷም ስኳር አለባት፤ ኦዜምፒክ ትወጋለች። ሐኪሟ መጠኑን ከፍ ስላደረገላት ሁለት ያልተከፈቱ የቀድሞ ብዕሮች ተርፈዋት ነበር። ብዕር የምለው መድኃኒቱ የሚመጣበትን መርፌ ነው፤ ቅርጹ እንደ እስክሪብቶ ነው። "በሳምንት አንዴ ሆድህ ላይ ትወጋዋለህ፣ በቃ" ብላ ሰጠችው። በፍቅር ነው የሰጠችው። ይህን ደጋግማ ነግራኛለች፤ እኔም አምናታለሁ።

ኦዜምፒክ ውስጥ ያለው መድኃኒት ሴማግሉታይድ ይባላል። ስንበላ ከአንጀታችን የሚወጣ ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን አለ። ቆሽት ኢንሱሊን እንዲለቅ ያደርጋል፤ ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ይይዛል፤ ለአንጎል "ጠግበናል" ይላል። ሴማግሉታይድ የዚህን ሆርሞን ሥራ ይሠራል። ልዩነቱ ተፈጥሯዊው በደቂቃዎች ሲጠፋ ሴማግሉታይድ ግማሹ እንኳን ከሰውነት ለመውጣት አንድ ሳምንት ገደማ መፍጀቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኦዜምፒክ በ2017 እ.ኤ.አ. ለስኳር ተፈቀደ። ያው ሴማግሉታይድ ዌጎቪ በሚል ስም በ2021 እ.ኤ.አ. ለክብደት ተፈቀደ። ሞንጃሮ እና ዜፕባውንድ የሚባሉት ደግሞ ቲርዜፓታይድ የተባለ ሌላ መድኃኒት ናቸው።

መድኃኒቱ ውሸት አይደለም። በ1,961 ሰዎች ላይ በተደረገው ትልቅ ጥናት፣ በሳምንት 2.4 ሚሊ ግራም ሴማግሉታይድ የወሰዱት በ68 ሳምንት ውስጥ በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል። ግን ማንም በዚያ መጠን አይጀምርም። መጀመሪያ 0.25 ሚሊ ግራም ለ4 ሳምንት ይወሰዳል። ከዚያ 0.5፣ ከዚያ 1፣ እያለ በየወሩ ይወጣል። ሆድ የሚለምደው እንደዚያ ነው።

የእህቱ ብዕሮች መጠን መምረጫው ሲዞር የሚቆመው 1 ሚሊ ግራም ላይ ብቻ ነበር። ሰውየው የመጀመሪያውን ቀን የጀመረው ከመነሻው መጠን በአራት እጥፍ ነው። ማንም አላወቀም። እሱም አላወቀም።

እኔ ጋ የመጣባቸው ሁለት ቀናት

በሁለተኛው ሳምንት ወደ እኔ መጣ። "ያቅለሸልሸኛል፣ ፕላዚል ስጭኝ" አለ። ሰጠሁት። የስኳር ታካሚ መሆኑን አውቃለሁ፤ ኪኒኖቹን ከእኛ ነው የሚወስደው። "ጋሼ፣ ከእነዚህ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?" ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ወረፋ ነበር። አልጠየቅሁም።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ሁዳዴ እንደገባ፣ ተመልሶ መጣ። ስነሣ ያዞረኛል አለ። ግፊቱን ለካሁት፤ 100 በ62። ለእሱ ዝቅተኛ ነው፤ ሁሌ 140 እና 150 ነበር። ልብሱም ሰፍቶት ነበር። "ጾሙ ነው፣ ውሃ ይጠጡ" ብዬ ሸኘሁት። ያን ቀን ወደ ሐኪሙ ብልከው የሚቀጥለው ሁሉ ላይመጣ ይችል ነበር። ይህን ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

በዚህ መሃል ቤት ውስጥ ሌላ ጭንቀት ነበር። ሰው መክሳቱን አይቶ ማውራት ጀመረ። አንዳንዱ ባለቤቱን "ደሙን አስመርምሪው" አላት። አንዳንዱ ሳንባ ነው አለ። እሷ ስለ መርፌው ታውቃለች፤ ግን ለማንም እንዳትነግር አስምሏታል። ብዕሩ ፍሪጅ ውስጥ ከበርበሬው ዕቃ ጀርባ ተቀምጧል። ሐሜቱን እየሰማች ዝም አለች።

የሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት

ሰውየው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። ጠዋት ኪኒኖቹን በአንድ ጉንጭ ውሃ ይውጣል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገበታ ሲቀርብለት ደግሞ ሦስት ጉርሻ አይበላም። ሽሮው ደስ አይለውም፤ ውሃው አይወርድለትም። መርፌው ሥራውን እየሠራ ነበር። ሴማግሉታይድ በየሳምንቱ ሲወሰድ በደም ውስጥ እየተጠራቀመ ሄዶ ሙሉ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ከ4 እስከ 5 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ከጾሙ መግቢያ ጋር ገጠመ።

ግሊቤንክላማይድ ግን ሰው በላ አልበላ አይጠይቅም። ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ ብሎ ይገፋዋል። ሜትፎርሚን ብቻውን፣ ሴማግሉታይድም ብቻውን፣ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድላቸው ዝቅተኛ ነው። አደገኛው ሴማግሉታይድን ከግሊቤንክላማይድ ወይም ከኢንሱሊን ጋር መደራረብ ነው። ከዚያ ላይ ባዶ ሆድ ተጨመረ።

አንድ ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ መጋዘን ውስጥ ላብ አጠመቀው። ንግግሩ ተንተባተበ። ሠራተኞቹ በሁዳዴ ጠጥቶ ይሆን ብለው ደነገጡ። አንዱ ለስላሳ ከፍቶ ሰጠው። "ጾሜን አልፈታም" ብሎ እጁን ገፋው። ጥቂት ቆይቶ ራሱን ሳተ።

ቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ወሰዱት። ስኳሩ 38 ነበር። ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው፤ ከ54 በታች አደገኛ ነው። ግፊቱ 86 በ54 ሆኗል። 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥሩ ሲሰጠው በደቂቃዎች ውስጥ ነቃ። ሁሉም እልል አለ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ላኩት።

እዚህ ላይ ትልቅ ስህተት ተሠራ። ግሊቤንክላማይድ ረጅም ሰዓት የሚሠራ መድኃኒት ነው። በተለይ ኩላሊት ሲደክም ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ግሉኮሱ ሲያልቅ ስኳሩ እንደገና ይወርዳል። በግሊቤንክላማይድ ስኳሩ የወረደ ሰው ቢያንስ አንድ ቀን አልጋ ይዞ በየሰዓቱ መለካት አለበት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ባለቤቱ ሰውነቱ እንደ ውሃ ርሶ አገኘችው። በባጃጅ ሆስፒታል አደረሱት። ስኳሩ 44 ነበር።

ፌስታሉ

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሞቹ ግራ ገባቸው። ያው ኪኒን፣ ያው መጠን፤ ለስድስት ዓመት የወሰደው ነው። ለምን አሁን? የኩላሊት ምርመራው ክሬአቲኒን 2.1 አሳየ፤ ኩላሊት ሲደክም ይህ ቁጥር ይጨምራል። በታኅሣሥ 1.0 ነበር። ሰውየው ሲጠየቅ "ምንም የተለየ ነገር አልወሰድኩም" አለ። ሁለት ጊዜ ተጠየቀ፤ ሁለት ጊዜ ካደ።

ባለቤቱ ጠዋት በፌስታል ብዕሩን ይዛ መጣች። "ይቆጣኝ፤ ቢቆጣኝ ይሻላል" አለች ለተረኛዋ ሐኪም። ይህን ያደረገችው እሷ ናት። ጉዳዩን የፈታው ላቦራቶሪ አይደለም።

ከዚያ ሌሎቹም ወጡ። አንዱን ልክ ለጓደኛው በዚያው ብዕር ወግቶለታል፤ መርፌዋን ቀይሬያለሁ ብሎ ንጹሕ የሆነ መስሎት። የመርፌዋ ጫፍ ቢቀየርም ደም ወደ ብዕሩ ውስጥ ሊመለስ ስለሚችል አንድ ብዕር የአንድ ሰው ብቻ ነው። ጓደኛውም እሱም ለኤችአይቪና ለጉበት ቫይረስ ተመርምረዋል፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ሁለተኛው ብዕር ደግሞ መተማ ደርሶ ሁለት ቀን መኪና ውስጥ ከርሟል። ያልተከፈተ ብዕር ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። የተከፈተው እንኳን ከ30 ዲግሪ በላይ አይወድም። የመተማን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። በመጨረሻ፣ ከአንድ ሱቅ ለመኝታ ጉዳይ የሚወሰደውን ሲልደናፊል (ቫያግራ) ገዝቶ እንደሚውጥም ተናገረ። እሱም ግፊት ያወርዳል።

ምን ተደረገ

ግሊቤንክላማይድ ወዲያው ቆመ። ሜትፎርሚን፣ ኢናላፕሪልና የሚያሸናው ኪኒን ኩላሊቱ እስኪያገግም ድረስ ተያዙ። ሰውነቱ ውሃ አጥቶ ሳለ ኢናላፕሪልና የሚያሸናው አብረው ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ የሆነውም ያ ነው። ግሉኮስ ያለበት ፈሳሽ በደም ሥር እየወረደለት ስኳሩ በየሰዓቱ ተለካ። በሦስተኛው ቀን ክሬአቲኒኑ 1.3 ሆነ፤ በሁለተኛው ሳምንት ወደ 1.0 ተመለሰ። የሆድ ሕመም ስላልነበረው የቆሽት ብግነትና የሐሞት ጠጠር ጥርጣሬ ቀለል ብሎ ታየ። ሁለቱም ግን ይህ መድኃኒት ሊያመጣቸው የሚችላቸው ናቸው። ወደ ጀርባ የሚሄድ ከባድ የሆድ ሕመም የመጣበት ሰው አንድ ቀን እንኳን መጠበቅ የለበትም።

መርፌው ቆመ። ግን ቆመ ማለት ወጣ ማለት አይደለም። የመጨረሻው ልክ ሙሉ በሙሉ ለመውጣት አምስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ሁሉ በየሁለት ቀኑ እኛ ጋ እየመጣ ስኳሩንና ግፊቱን ለካን።

ስለ ጾሙ የንስሐ አባቱ ተጠሩ። ሆስፒታል አልጋው ድረስ መጥተው "ቁርስህን ብላ፣ መድኃኒትህን ውሰድ" አሉት። ከሐኪሙ ቃል ይልቅ የሰማው የእሳቸውን ነው። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ነውር ነው።

የሠራውና ያልሠራው

ሆስፒታል ሲገባ 98 ኪሎ ነበር። በሰባት ሳምንት 11 ኪሎ መሆኑ ነው። ለጓደኞቹ ድል መስሎ ታያቸው። ግን ከ11 ኪሎው የተወሰነው ውሃ ነበር፤ ፈሳሽ ሲያገኝ 3 ኪሎ ወዲያው ተመለሰ። ከቀረውም ሁሉም ስብ አልነበረም። ክንዱ ቀጥኗል፤ ጭኑ ላልቷል። ድሮ ጆንያ ሲጫን ከሠራተኛ ጋር ያነሣ የነበረ ሰው ከወንበር ሲነሣ እጁን ይደገፍ ጀመር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ወንዶች ከሚሰሙት ውስጥ በጣም የሚጎድለው ይህ ነው። ሰው በፍጥነት ሲከሳ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ከላይ በጠቀስኩት ጥናት የሰውነታቸው ይዘት በተለካው ሰዎች ላይ ከጠፋው ክብደት ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ስብ ያልሆነው የሰውነት ክፍል ነበር። ሚዛን ላይ የሚታየው ቁጥር የቱ እንደሄደ አይናገርም። በጾም ወቅት ደግሞ እንቁላልም ሥጋም ወተትም የለም። የምግብ ፍላጎቱ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ የሚተወው ወጡን ነው፤ ፕሮቲኑ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ የባቄላ ፉል፣ ሽምብራ፣ ራሱ የሚነግደው ሰሊጥ። ሐኪሙ ያዘዘለት ከእንጀራው ቀንሶ ወጡን እንዲያስቀድም ነው። ይህ ሠርቷል። ልጁ ሁለት ጀሪካን ውሃ እየሞላ በሳምንት ሦስት ቀን ያሠራዋል። ይህም ሠርቷል፤ በሁለት ወር ውስጥ ከወንበር ሳይደገፍ መነሣት ጀመረ።

ያልሠራው ክብደቱን መያዝ ነው። መርፌው ከሰውነቱ ሲወጣ ረሃቡ እንደ እዳ ከነወለዱ መጣ። በመስከረም 106 ኪሎ ሆነ። እሱ ራሱን "ሆዳም" ብሎ ሰደበ። ይህ የእሱ ድክመት አይደለም። በዚያው ትልቅ ጥናት መድኃኒቱን ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል። ውፍረት እንደ ግፊት የሚቆይ በሽታ ነው፤ የግፊት ኪኒን ሲቆም ግፊት እንደሚመለሰው ይመለሳል። ሁለት ብዕር ይዞ የጀመረ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደዚህ እየሄደ ነበር።

ወንዶች እንዲያውቁት የምፈልገው

መጀመሪያ የምጠይቀው የቀሩትን መድኃኒቶች ነው። ይህ መርፌ ሲሠራ ስኳርም ግፊትም ይወርዳል። ስለዚህ የድሮዎቹ ኪኒኖች መጠን አብሮ መቀነስ አለበት። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሐኪሙ መጠኑን ሳያስተካክልለት አንድ ልክ እንኳን መውጋት የለበትም። በቤተሰቡ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ያለበት ሰው ጭራሽ አይወስደውም። የስኳር ዓይን ችግር ያለበትም ቀድሞ ዓይኑን ይታይ፤ ስኳር በድንገት ሲወርድ ዓይኑ ሊብስ ይችላል።

ስለ ውጤቱ ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። በዚያ የክብደት ጥናት ከአራቱ ተሳታፊ ሦስቱ ሴቶች ነበሩ፤ ወንዶች ከሴቶች ያነሰ መቶኛ ነው የሚቀንሱት። ጎረቤቷ 20 ኪሎ ቀነሰች ተብሎ እሱም ያንን ቢጠብቅ ያዝናል፤ አዝኖም መጠኑን በራሱ ይጨምራል። በሌላ በኩል ውፍረትና የልብ በሽታ ባላቸው ስኳር በሌለባቸው 17,604 ሰዎች ላይ በተደረገውና በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት፣ ከ10 ተሳታፊ 7ቱ ያህል ወንዶች ነበሩ። እዚያ ሴማግሉታይድ ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክንና በልብና በደም ሥር በሽታ መሞትን በድምሩ 20 በመቶ ቀንሷል። ለወንድ የመድኃኒቱ ትልቁ ዋጋ መስታወት ፊት የሚታየው ላይሆን ይችላል።

ስለ መኝታ ጉዳይም ዝም አልልም፤ ዝምታው ነው ሱቅ የሚያስገባቸው። ስብ የወንድ ሆርሞንን ወደ ሴት ሆርሞን ይቀይራል፤ ስኳርና ግፊት የደም ሥሮችን ያጠባሉ። ክብደት ሲቀንስ ቴስቶስቴሮን ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ግን በረሃብና በድካም የተዋከበ ሰውነት ለዚያም አቅም የለውም። ይህን ለሐኪም መንገር ከሱቅ ኪኒን ገዝቶ ከግፊት መድኃኒት ጋር ከመደባለቅ ይሻላል።

የመጨረሻው ምንጩ ነው። በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ በተለያዩ አገሮች መገኘቱን ጠቅሶ አስጠንቅቋል። በቴሌግራም የሚሸጥ፣ በሻንጣ የመጣ፣ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ የቆመበት ብዕር ውስጥ ምን እንዳለ በዓይን አይታወቅም።

አሁን ያለበት

ሰውየው ዛሬ ግሊቤንክላማይድ አይወስድም። ሜትፎርሚንና ኢናላፕሪሉ ይበቁታል። የሚያሸናው ኪኒን አልተመለሰም። እህቱ ሌላ ብዕር ልላክ ብላ ነበር። እሱ ስልኩን ለሐኪሙ ሰጠና ሦስቱ አብረው ተነጋገሩ። ቢያንስ ለአንድ ዓመት የማይቋረጥ ሕጋዊ አቅርቦት እስኪገኝ ድረስ እንደማይጀምር ተስማምተዋል። ከተገኘ በ0.25 ይጀምራል።

እኔ ጋ ደግሞ አንድ ነገር ተቀይሯል። ፕላዚል የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ፣ ወረፋ ቢኖርም ባይኖርም፣ ወደ ጥግ ጠርቼ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ "ሆድ ላይ የሚወጉት ነገር አለ?" እስካሁን ሦስት ወንዶች "አዎ" ብለውኛል።